ክንፈ ጋቢና የእትዬ አንጓች ዓይን

አርብ ከሰዓት በኋላ ዩኒት ሊደሩ አንድ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ወጣ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው መምህራኑን አንድ በአንድ ሥለውበታል። ርእሰ መምህሩን ፊሽካ አስውጠውታል። የሒሳብ አስተማሪውን ከእግር እስከ ራሱ በቁጥር ሠርተውታል። እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አገጬ ደረቴ ላይ ወድቆ አንቀላፍቻለሁ። እውነታቸውን ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ትምህርቱ ሲቋረጥ ሲቀጠል፣ የተማረውን ክፍል ካልተማረው ጋር ሳገጣጥም ደክሞኛል። እግሬም ሰኞ አብጦ ቅዳሜ ነው የሚጎድለው። በሥዕሉ ልስቅ አልሁና ሳቁ ከመንገድ ቀረ።

የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ስለሆንሁ ቅጣቱን እንድወስን ነበር ደብተሩ የመጣልኝ። የደብተሩን ባለቤት አስጠርቼ መለስሁለት። ምክር ቢጤ ልጨምርበት ከንፈሬን ከፈት አድርጌ ተውሁት። እኔ እንዲህ ባለው ነገር ለመምከር የምበቃ ሰው አይደለሁም።

ጓደኛዬ ትርንጎና እኔም ሥለናልና። እዚሁ ፍኖተ ሰላም የሰባተኛ ክፍል ሴት ልጆች ሳለን ነው። የትርንጎ አባት መሪጌታ ይትባረክ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ከፈረስ ቤት እስከ ግሽ ዓባይ ደብር በታደሰ ቁጥር ይጠራሉ። ቀለም የምትፈጭላቸው፣ ብሩሽ የምታጥብላቸው ትርንጎ ናት። ግድግዳው ላይ ማሳረፍ ግን አይፈቅዱላትም። እጇ ሥራ ፈትቶ በነበረበት ሰዓት አጎቴ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ጫማ በፈረንጅ የሥዕል መጽሔት ተጠቅልሎ መጣ። ሽፋን የለው፣ መጨረሻ የለው። ጡንቻው የተወጣጠረ ሰውዬ ካባ ለብሶ ይበራል፤ ሌባ ይይዛል፤ ደግሞ ይበራል። እንግሊዝኛው አልገባንም። ጫማው ጠበበኝ፤ መጠቅለያው ግን በልክ ሆነልን።

የእኛን ጀግና ክንፈ ጋቢ አልነው። በጋቢው ነው የሚበር፤ ዝናብ ከመታው ጋቢው ይከብደውና ይወድቃል። የፈረንጁ ጀግና ሌባ ለመያዝ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ክንፈ ጋቢ ግን የጎጃም ልጅ ነው፤ በሬ ተሰረቀ ሲባል በርሮ ይመጣና ሲያርፍ ሽማግሌ ያገኘዋል። ሽማግሌ ታልፎ አይኬድም። እንደምን ሰነበቱ ይላል፤ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ልጆቹ፣ የልጆቹ አማቶች፣ ያቺ ያመማት ጊደር ሳትቀር ትጠየቃለች። አራት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ነው። በአምስተኛው ገጽ ሌባው በሬውን ደንበጫ አድርሶ እየሸጠ ነው። ጽሑፉ የእኔ፣ ሥዕሉ የትርንጎ ነበር።

ከአሮጌ ደብተር የተረፈ ንጹሕ ገጽ እየቀደድን በጆንያ ክር እንሰፋ ነበር። ቢጫው እርድ፣ አረንጓዴው ቅጠል ነው። ቀዩን ከበርበሬ ልናወጣ ሞክረን ትርንጎ ሁለት ቀን ዓይኗን ስታሽ ከረመች። ወሩ ኅዳር ስለነበር በርበሬ በየግቢው ተሰጥቶ ከተማው እንዳለ ያነጥሳል። እኛ በቆሎ ጥብስ እየፈለፈልን ከላህ ወንዝ ማዶ ተቀምጠን እንሥላለን። ሲያልቅ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ማክሰኞ የወጣው ዓርብ ሲመለስ በዘይትና በጥላሸት ተጨማልቆ ነው። እንዲያ የደስ ደስ ያለው ድካም ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ትርንጎ ከአባቷ ያመጣችው አንድ ደንብ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው፣ ከሃዲው፣ ሰይጣኑ በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ቅዳሴ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ይህን ሲያይ ስላደገ ማንም ማስረዳት አላስፈለገንም። ሌባው ብቅ ሲል በአንድ ዓይኑ አንባቢው ወዲያው ያውቀዋል።

አምስተኛው መጽሐፍ ስለ ሸክላ ተራ ነበር። ክንፈ ጋቢ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሲያርፍ ማሰሮው፣ ጋኑ፣ እንስራው መካከል ይወድቅና ሁሉንም ያደቅቀዋል። የሸክላው ባለቤት ዱላ አንስታ ትከተለዋለች፤ ጀግናው ጋቢውን ጥሎ ይሸሻል። ሸክላ ሻጯን እትዬ አንጓችን አስመስለን ነው የሠራናት፤ በነጠላዋ አስተሳሰርና በረጅም አንገቷ ያልለያት አልነበረም። ልጇ ደብሬ ከእኛው ክፍል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር። እትዬ አንጓችን እንወዳት ነበር፤ ክንፈ ጋቢን ያሸነፈች እሷ ብቻ ናት።

ሥዕሉ ላይ እትዬ አንጓች ትሮጣለች። ስትሮጥ ደግሞ በጎን ናት።

ትርንጎ እርሳሷን አነሳችና ፊቷን ወደ እኛ ላዙረው አለች፤ አባቷ ቢያዩት ይቆጣሉ፤ ሰውም ሌላ ነገር ይመስለዋል። እኔ እምቢ አልሁ። የሚሮጥ ሰው ፊት ለፊቱን ነው የሚያይ፤ ወደ እኛ ከዞረች ተደናቅፋ ትወድቃለች ብዬ ተከራከርኋት። ደግሞም ለሰኞ መድረስ አለበት። ትርንጎ ለክርክር አልተፈጠረችም፤ ተወችው። ሳላውቅ ነው ያደረግሁት እያልሁ ብዙ ዓመት ራሴን አባብያለሁ። ግን ተነግሮኛል።

ያኔ ሸክላ የሚሠራን ሰው ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው እያሉ ማማት በከተማውም በገጠሩም ነበር። እቃውን ይገዙታል፤ ልጃቸውን ግን ያዞሩበታል። መጽሐፉ በወጣ በሦስተኛው ቀን ልጆች ደብሬን በአንድ እጃቸው አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ያዩዋት ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእጅ የወጣ ወረቀትም ያው ነው። ወረቀቱ ቤት ገባ። በቀጣዩ ቅዳሜ እናቶች በሸክላ ተራ ሲያልፉ የሕፃናቱን ፊት በነጠላ ሸፈኑ። ከዚያም የአንዲት ጎረቤት ልጅ ሆዱን ታመመና የመሪጌታ ልጅ እንኳ አውቃ ሥላታለች ተባለ። የሰው ሐሜት ላይ የቤተ ክርስቲያን ምስክር የጨመርንበት እኛ ነን።

ደብሬ ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም ቀረች። መምህራችን ስሟን ሲጠራ ከኋላ የሚስቅ ነበር።

መሪጌታ ይትባረክ መጽሐፉን አገኙት። በዱላ የሚጠብቁን መስሎኝ ቤታቸው በር ላይ ቆምሁ። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ሥዕሉን ብቻ አዩት፤ አንገቷ በደንብ መሣሉንም ሳይናገሩ አላለፉም። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ሥዕል አፍ የለውም፤ የሣለው ሰው ነው አፍ ያለው» አሉ። «ነገ ሁለታችሁም ሂዱና ለሴትዮዋ ንገሯት። ልጅቱንም ይዛችሁ ትምህርት ቤት ግቡ። አብራችኋት ስትገቡ ሰው ይይ።»

እሺ አልሁ። በማግስቱ ትርንጎ ልትወስደኝ ስትመጣ እናቴ ወፍጮ ቤት ልካኛለች አልኋት። እናቴ አልላከችኝም። ጓሮ ቁጭ ብዬ ትርንጎ ብቻዋን ቁልቁል ስትወርድ አየኋት። ፈርቼ ነበር፤ እትዬ አንጓችን ሳይሆን ከደብሬ ጎን በትምህርት ቤቱ በር መግባትን ነው የፈራሁት። እኔንም በአንድ ዓይን እንዳያዩኝ ነው።

ትርንጎ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ተመለሰች። እትዬ አንጓች አልተቆጣቻትም አለችኝ፤ ግን ደብሬን አልሰጠቻትም። በጥር እናትና ልጅ ጓዛቸውን ጭነው በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ስድስተኛ መጽሐፍ አልወጣም። ትርንጎ ካደገች በኋላ ፈረስ ቤት አገባች፤ ለቅሶ ላይ ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ ያንን አናነሳም። ደብሬ ቡሬ ገበያ ሸክላ እንደምትሸጥ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ቡሬ ለስብሰባም ለፈተናም በሄድሁ ቁጥር በድንች ተራ ዞሬ ነው የማልፈው።

ትናንት ቅዳሜ ግን፣ ያንን ደብተር ባየሁ በማግስቱ፣ እግሬ እንዳበጠ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሸክላ ተራ ስደርስ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አንገቷ የእናቷ ነው። አንድ ድስት አንስቼ ታች ላዩን እያየሁ «ደብሬ» አልኋት።

«አቤት» አለች። «ከየት አወቁኝ?»

ዕድሜያችን እኩል ነው። ስሜን ነገርኋት፤ ሰባተኛ ክፍል አብረን ነበርን፣ አንቺ በይኝ አልኋት።

«እኔማ ሰባተኛን መች ጨረስሁት» አለች። «የእርስዎን ፊት አላስታውሰውም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመሪጌታን ልጅ ትርንጎን ግን አልረሳትም፤ ቤታችን መጥታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ አልቅሳ ሄዳለች።»

ትርንጎ ስሜን ሳትጠራ ጥፋቴን ተሸክማልኝ እንደኖረች ያን ጊዜ አወቅሁ። ሳልጋበዝ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሁሉንም ነገርኋት፤ ትርንጎ የእትዬ አንጓችን ፊት ላዙረው ስትል የከለከልሁት እኔ መሆኔን፣ ሂዱ ስንባል የቀረሁት እኔ መሆኔን፣ ወፍጮውም ውሸት መሆኑን። ደብሬ እየሰማች አንዱን ማሰሮ በጨርቅ ትወለውላለች። ሰው መጥቶ ዋጋ ጠየቃት፤ መለሰችለት፤ አልተስማሙም፤ ሄደ።

«እናቴ ካረፈች ቆየች» አለች በመጨረሻ። «እሷ ብትሰማው ጥሩ ነበር። ለመሆኑ እስከዛሬ የት አገር ነበሩ?»

«እዚያው፣ ፍኖተ ሰላም።»

እጇ ማሰሮው ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያላገኘሁትን ቁጣ ያን ጊዜ ፊቷ ላይ አየሁት።

«ፍኖተ ሰላም?» አለች። «ቅርብ ነው እኮ።»

ቅርብ ነው። በመኪና ብዙ አያስኬድም፤ መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ ሚኒባሱ በየሰዓቱ ነበር። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም፤ እኔም በይኝ ለማለት አልደፈርሁም። ድስቱን በጭድ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ዛሬ እሑድ ነው፤ እግሬን ሰቅዬ ተቀምጫለሁ። የደከምሁት ከማስተማር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በድንች ተራ ስዞርም ደክሜያለሁ። ለትርንጎ ገና አልደወልሁላትም።