ሞተሩን የሰማነው እኛ ብቻ አልነበርንም

ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ የምናጸዳ ሴቶች፣ ጀልባዎቹ ሞተር ከገጠሙ ወዲህ ኑሯችን ሩጫ ሆነ። ድምፁን ሰምታ ቀድማ ያልደረሰች ባዶ ሳፋዋን ይዛ ትመለሳለች። የዓሣውን ሆድ ዕቃ እዚያው ውሃው ውስጥ ነበር የምንጥለው።

አንድ ቀን ሞተር ጮኸና ማንንም ሳልጠብቅ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ጀልባ ግን የለም።

"አንቺ፣ እንዳትንቀሳቀሺ!" አለችኝ ጓደኛዬ ዘነበች ከኋላዬ።

አዞ ነው። ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ቀስ እያለ ወደ እኔ ይመጣል። ሳፋዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ደርቄ ቀረሁ። ሞተሩ አሁንም ይጮኻል። ለካ ዳር ላይ የጀልባ ሞተር የሚጠግነው መካኒክ የተበላሸ ሞተር በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ እየሞከረ ኖሯል!

"አጥፋው!" ብላ ዘነበች ጮኸችበት።

አጠፋው። ድምፁን ሰምቶ የመጣው አዞ ትንሽ ጠበቀ፤ የሚጣል የዓሣ ሆድ ዕቃ እንደሌለ ሲገባው እሱም እንደኔ ባዶውን ተመለሰ።