ወደ በሩ የዞረው ስክሪን



ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሁለት ስክሪን አለን፤ አንዱ ወደ እኔ፣ ሌላው ደንበኛ እያየ እንዲያርም ወደ በሩ ዞሯል።

ዛሬ አንዲት ሴት የፍቺ ማመልከቻ ስታስጽፈኝ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየችና «ባሌ መጣ፣ አጥፊልኝ» ብላ ጠረጴዛው ስር ገባች።

ገጹን በማውስ ወደ እኔ ብጎትተው አልመጣም። አሠሪዬ ጠዋት ስክሪኖቹን ግራና ቀኝ አቀያይረው ነበር፤ ለኮምፒውተሩ የነገረው ስለሌለ አሁንም በድሮ ቦታቸው ነው የሚያውቃቸው።

ሰውየው ሲገባ የስክሪኑን ሶኬት ነቀልኩት።

«መብራት ሄደ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ። ፎቶ ኮፒ የለም።»

ቀና ብሎ የበራውን አምፖል አየ። ከዛ እኔን አየኝ። ዞሮ ወጣ።

ስሟን አንብቦት ይሆን? አላውቅም። ሴትየዋ ከጠረጴዛው ስር ቀሚሴን እንደያዘች ናት።

እናንተስ በድንጋጤ እንዲህ ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ?