«እርጉዟ የት አለች?»

«እርጉዟ የት አለች?» አለኝ ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ።

አዋላጅ ነርስ ፍለጋ ከአንኮበር በሚኒባስ የመጣሁት ለራሴ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።

«እማማ፣ አዋላጅ እኮ ለወላድ ነው» አለኝ።

«ሣራም በዘጠና ዓመቷ ወልዳለች» አልኩት። የቄስ ሚስት መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል።

ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። እሱ ግን «ቀጣይ» ብሎ አለፈኝ። ያኔ መረረኝ።

«የወር አበባዬ ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ግን ደም እያየሁ ነው። ሳልታይ ከዚህ አልነቃነቅም» አልኩ። ሁሉም ሰማ። ይስማ።

አዋላጇ ድምፄን ሰምታ ወጣች። «እናቴ ይግቡ፤ ይሄም የእኔ ሥራ ነው» አለችኝ። የሙያ ፈቃዷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። መረመረችኝና «በዚህ ዕድሜ የሚታይ ደም በዝምታ አይታለፍም» ብላ ለተጨማሪ ምርመራ ሐኪም ጋ እንድሄድ ጻፈችልኝ።

ስወጣ ከወረፋው አንዲት እኩያዬ ተከትላኝ መጥታ «እኔም እንዳንቺው ነኝ፤ ለሰው ተናግሬ አላውቅም» አለችኝ በሹክሹክታ።

እጇን ይዤ ካርድ ክፍል ወሰድኳት። ሰውየው ቀና ብሎ «ለማን ነው?» አላት።

«ለራሴ» አለች።

እናንተስ እህቶቼ፣ ምን ተብላችሁ ተመለሳችሁ? እዚሁ ጻፉልኝ። ማፈሩን «እርጉዟ የት አለች?» ለሚለው ጠያቂ ትተንለታል።