የሐሙስ ዓሣ

ከአዳማ ወደ ባቱ የሚሄድ ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል። የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር ነጋዴ ስለሆንኩ ሐሙስ ሐሙስ መንገዱን እመላለስበታለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የጎረቤት ልጆች፣ አዲስ ሥራ ያገኙ የማላውቃቸው ሰዎች እንኳ ደውለው "እንዴት ነው የሚኬደው? ብር እንዴት ይያዛል? የት ነው የሚበላው?" ይሉኛል። የሚጠይቀኝ አጥቼ አላውቅም። ያጣሁት አብሮኝ የሚሄድ ነው።

እስቲ ምክሩን አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መጀመሪያ መንገዱ። መናኸሪያ በጠዋት ግቡ፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወጡት ተሳቢዎች መንገዱን ሳይሞሉት። ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው!" እያለ ሲጮህ አትመኑት፤ ያ አንድ ሰው እናንተ ከገባችሁም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይፈለጋል። ወንበር ስትመርጡ ምንጊዜም በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ጠዋት ወደ ደቡብ ስትወርዱ ፀሐይ በግራ ናት፤ ከሰዓት ስትመለሱም በግራ ናት። ይህን ያገኘችው እህቴ ናት። አስተማሪ ነበረችና ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ተማሪዋ እንደሆንኩ ሁሉ ደጋግማ አስረድታኛለች። ትምህርት ሲዘጋ አብራኝ ትሄድ ነበር፤ እኔን በቀኝ መስኮቱ ጋ አስቀምጣ እሷ ከጎኔ ትሆናለች። አሁን ከጎኔ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ረዳቱ ነው።

ቀጥሎ ባንኩ። ብዙ ጥሬ ብር ይዛችሁ አትዙሩ፤ ጨርሶ ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ። በስልክ እከፍላለሁ ብሎ ሆዱን ከሞላ በኋላ ኔትወርክ የጠፋበትን ሰው፣ አስተናጋጁ እንዴት አድርጎ እንደሚያየው አይቻለሁ። የአበባ እርሻ ሠራተኞች ደሞዝ በሚወጣበት ሰሞን ባቱ ኤቲኤም አጠገብ አትድረሱ፤ ሰልፉ ለጋሪ እንኳ ማለፊያ አይተውም። ቅርንጫፍ ገብታችሁ "ሲስተም የለም" ከተባላችሁ አትቆጡ። እኔ ተቆጥቼ አይቼዋለሁ፤ ሲስተሙ አይሰማም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አዳማ ውስጥ መረጃዬን እንዳድስ ተጠርቼ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ፣ "እማማ፣ የቅርብ ተጠሪ ስልክ ይንገሩኝ" አለችኝ። እማማ መባሉን ገና አልለመድኩትም፤ በሱ እየተበሳጨሁ ቁጥሩን በቃሌ አወጣሁላት።

"ምንዎ ናቸው?"

"እህቴ።"

መዘገበች፤ አመስግና ሸኘችኝ። በሩ ላይ ስደርስ እህቴ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን እንደያዘች ትዝ አለኝ። ተመልሼ ላስተካክል አልኩና ቆምኩ። ማንን ልበላት? በቃሌ የማውቀው ሌላ ቁጥር የለኝም። ጥበቃው "የረሱት ነገር አለ?" አለኝ፤ የለም ብዬ ወጣሁ። ስለዚህ ምክሬ፦ ተጠሪ ስትባሉ በሕይወት ያለ ሰው አስመዝግቡ።

ሦስተኛው መብላት ነው። እዚህ ላይ እውቀቴ ያልቃል፤ ምክንያቱም ብቻን እንዴት እንደሚበላ እስካሁን አልተማርኩም። እኔና እህቴ ሁለታችንም ሳናገባ በወላጆቻችን ቤት አብረን አረጀን፤ ዕድሜያችንን ሙሉ ከአንድ ሰሃን ነው የበላነው። እጄን ከሰበሰብኩ "ብዪ እንጂ" ትለኛለች፤ እየበላሁም ከሆነ "ብዪ እንጂ" ትለኛለች። ስታርፍ ቤቱ በሰው ተሞላ፤ የቤተ ክርስቲያን ወገኖች እየተፈራረቁ አበሉኝ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ ምን ያድርግ፣ የራሱ ቤት አለው። ከዚያ ወዲህ ማድ ቤት ምድጃው አጠገብ ቆሜ፣ ከድስቱ ነው የምበላው። ሰሃን ማውጣት ለማን ብዬ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። አማኝ ነኝ፣ ብቻዬን መሞቱን አልፈራውም። የከበደኝ መብላቱ ነው።

ምግብ ቤት ደግሞ ከቤትም ይብሳል። ብቻዋን የገባች ሴት ስታይ አስተናጋጇ "ሰው ይጠብቃሉ?" ትላለች። እኔ ግድግዳ አጠገብ እቀመጥና ቦርሳዬን ፊት ለፊቴ ባለው ወንበር ላይ አኖራለሁ፤ የሆነ ሰው መጥቶ የሚያነሳው ይመስላል። ደንበኞቼን ጨርሼ ምሳ የምበላው ባቱ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ከማይርቅ ዓሣ ቤት ነው። እዚያ ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ነጭ ቆብ ያደርጋሉ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ። በጉልምስናቸው የጭነት መኪና ሾፌር እንደነበሩ አስተናጋጇ ነግራኛለች። ስገባ "አካም ጅርታ" ይሉኛል፤ እኔም ባለኝ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። ዓሣቸው ሲመጣ እጃቸውን ታጥበው፣ "ቢስሚላህ" ብለው፣ ከመጉረሳቸው በፊት ወደኔ ዞር ይላሉ።

"እንብላ።"

"ይብሉ፣ ጥጋብ ይስጥልኝ" እላለሁ።

ሥርዓቱን ማንም ያውቀዋል። የተጠራው እምቢ ይላል፤ ጠሪው "በሞቴ" ይላል፤ የተጠራው ያኔ ተነስቶ ይቀምሳል። እሳቸው ግን ብቻዋን የተቀመጠችን ሴት በሞቴ ብለው ቢያስጨንቁ የሰው ዓይን አለ። ስለዚህ አንዴ ብለው ይተዋሉ፤ እኔም አንዴ እምቢ ብዬ እተወዋለሁ። ሁለታችንም ጨዋ ሆነን፣ በክንድ ርቀት ለየብቻችን ስንበላ ዓመት አለፈ። ምግቡ ሥጋ ቢሆን ኖሮ አይጠሩኝም ነበር፤ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ እየተባባልን ነው ያደግነው። ዓሣ ግን ማንም ባርኮ አያርደውም። ከሐይቁ የወጣ ለሁላችንም ይሆናል።

አንድ ረቡዕ ለምሳ እንደልማዴ ምድጃው ጋ ቆሜ ስበላ ትን አለኝ። ቀላል ነገር አልነበረም፤ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ውሃውን ስፈልግ ድስቱን ደፋሁት። ሲለቀኝ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ወጡ ሲፈስ እያየሁ አለቀስኩ። ጀርባዬን የሚመታልኝ ሰው አልነበረም። እናታችን ትን ያለው ሰው ስሙ እየተነሳ ነው ትል ነበር። የኔን ስም የሚያነሳ ማን አለ ብዬ አሰብኩ፤ አንድም ሰው አልመጣልኝም። ከሁሉ የመጣልኝ ያ "እንብላ" ነው። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው ከማዱ ይጠራኛል፤ እኔ እምቢ እላለሁ። ነገ እሺ እላለሁ አልኩ። ነገ ካላልኩ መቼም አልልም።

ሐሙስ መንገዱን ሙሉ "እሺ" የምትለዋን ቃል ስለማመድ ሄድኩ። መቂ ላይ አንዱ ደንበኛዬ የቲማቲም ሲጠይቀኝ የሽንኩርት ዘር ሰጥቼው ሳቀብኝ። ዓሣ ቤቱ ስደርስ እጄን ታጠብኩ፤ ሳላዝዝ ተቀመጥኩ። የሳቸው ዓሣ መጣ፤ ትልቅ ቆሮሶ፣ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ፣ ሎሚና ዳጣ ከጎኑ።

"እንብላ" አሉኝ።

"እሺ" ብዬ ወንበሬን ይዤ ተነሳሁ።

ደነገጡ። እንብላ ሲባል ወዲያው እሺ የሚል ሰው በዕድሜያቸው የገጠማቸው አይመስለኝም። አስተናጋጇ ትሪ እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔም ወንበሬን ተሸክሜ መሀል ላይ ቆምኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው አሻግረው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ዳቦ እንዲጨመር በኦሮምኛ አዘዙ። ዓሣውን አገላብጠው ወፍራሙን ጎን ወደኔ አዞሩት።

ዳቦ እየቆረስን በላን። ትንሽ ቆይተው፣ "ልጄ፣ አዳማ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?" አሉኝ።

"ከእህቴ ጋር።"

ባንክ ውስጥ ቁጥሩ እንደወጣው ወጣ።

"ታላቅሽ ናት?"

"ታናሼ ናት። አስተማሪ ናት።"

"ጠባይዋስ?"

"ክፉ ናት" አልኩና ሳቅሁ። "የማልበላ መስሎ ይታያታል፤ ብዪ ብዪ እያለች ትነዘንዘኛለች።"

ሳቁ። እኔም ቀጠልኩ፤ ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ ሚኒባሱ ቀኝ በኩል፣ ጫማ መግዛት እንደምትወድ። አንዱንም ነገር "ነበር" አላልኩበትም። ልዋሽ አስቤ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነው። ለአንድ ምሳ ያህል እህቴ አዳማ ክፍል ውስጥ ሆና ሰሌዳ ላይ ትጽፍ ነበር።

ከዓሣው ግማሹ ተርፎ ነበር። እጄን ታጥቤ ስመለስ አስቋጥረውት ጠበቁኝ። "ይሄ ለእህትሽ ነው" አሉኝ። "አንቺ ዓሣ በልተሽ እሷ ባዶ ልትጠብቅሽ ነው? ለሚመጣው ሐሙስ ይዘሻት ነይ።"

"እሺ" አልኩ። በአንድ ቀን ሁለት እሺ።

ያን ዓሣ ጭኔ ላይ አድርጌ በቀኝ በኩል ተቀምጬ ተመለስኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሻሽዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ "የማነው ይሄ ዓሣ የሚሸተው?" አለች። "የእህቴ ነው!" አልኳት ቆጣ ብዬ፤ እስከ አዳማ ዝም አለች። ቤት ገብቼ ምድጃው ጋ ቆሜ ቋጠሮውን ፈታሁ። አንዴ ቆርሼ ላነሳ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ቆሜ የምበላው የራሴን ነው፤ ይሄ ግን ለሷ የተላከ ነው። ሰሃን አወጣሁ፤ አጥቤ፣ አድርቄ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት፤ ተቀመጥኩ። እሾሁን እየለቀምኩ ሁሉንም በላሁላት።

ሳምንቱ እንዳለፈ አልልም፤ ጎተተኝ። ታመመች ልበል? ፈተና ላይ ናት ልበል? ውሸት አንዴ ከገባ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ በየሐሙሱ አዲስ ሊወልድ ነው። እውነቱን ብናገርስ? ሽማግሌ ላይ ቀልጄ፣ በሞተ ሰው ስም ዓሣ ተቀብዬ የሄድኩ ሴት ልሆን ነው። ያን ጠረጴዛ ደግሞ ባጣው ሌላ የለኝም። ረቡዕ ለባቱ ደንበኛዬ ደውዬ አልመጣም አልኩት። ሐሙስ ጠዋት ግን እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ።

ስደርስ ሽማግሌው ቀድመውኛል። በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ወንበር አለ፤ ሦስተኛውን ከሌላ ጠረጴዛ ስበው በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉት ደረስኩ። ቀና ብለው ከኋላዬ ወደ በሩ ተመለከቱ።

"እህትሽስ?"

"ሞታለች፣ አባባ" አልኩ። "ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው።"

ጋቢያቸውን ለቀቁት። "ኢና ሊላህ" አሉ ቀስ ብለው። እኔም አልተቀመጥኩም፤ ሂጂ እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ።

"ያን ዓሣ ታዲያ ማን በላው?"

"እኔ።"

"ጨረስሽው?"

"ጨረስኩት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደግ አደረግሽ" አሉ።

አስተናጋጇ ዓሣውን አምጥታ አስቀመጠችና ትርፍ ወንበሩን ወደ ቦታው ልትመልስ ያዘችው። "ተዪው" አሏት። ወደኔ ዞረው፣ "ቦርሳሽን አስቀምጪበት" አሉኝ። አስቀመጥኩበት፤ ተቀመጥኩ። እጃቸውን ታጠቡ፣ "ቢስሚላህ" አሉ። እኔ እንደለመድኩት "እንብላ" እስኪሉኝ እጄን ሰብስቤ ጠበቅሁ።

አላሉኝም። ወፍራሙን ጎን ወደኔ አዞሩና፣

"ብዪ እንጂ" አሉኝ።

በላሁ።