አባቴ ብቻቸውን ያዩት መብራት

መኪናዋ አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። አባቴ ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ገዟት፤ በዕድሜ ከእኔ አታንስም። በየገበያው ቀን ከዘመሮ ወደ መሐል ሜዳ በግና ገብስ ያመላልሱባታል። ሰው ለበሬው እንደሚሳሳ እሳቸው ለሷ ይሳሱ ነበር። በውርጭ ያደረ ሞተር ጠዋት እንቢ ይላልና፣ ሲመሽ ኮፈኑን ይከፍቱና የገዛ በርኖሳቸውን አውልቀው ሞተሩን ያለብሱታል። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር፣ "አንቱ፣ እኔስ ሲበርደኝ አንድ ቀን እንዲህ አልብሰውኝ ያውቃሉ?" ትላቸው ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ።

እኔ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ መሐል ሜዳ ላይ ትንሽ ቤት ተከራይቼ ሥራ ጀምሬያለሁ። የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተር ነበረኝ። በከተማችን ቴስተር ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነገሩ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መኪናዋን ደጄ ላይ አቁመው ገቡ።

"ያቺ የዘይት መብራት በራችብኝ" አሉ። "ቀይዋ።"

የዘይት መብራት በዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዘይቱ ለሞተሩ በደንብ አልደረሰም ማለት ነው፤ ችላ ከተባለች ሞተሩ ተቃጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ። ቁልፉን ስከፍት መብራቷ በራች፣ ሞተሩን ሳስነሣ ጠፋች፤ ደንቡም እንዲያ ነው። ዘይቱ ሙሉ ነው። ግፊቱም ደኅና ነው። ሽቦውን በቴስተር ለካሁት፤ ምንም የለበትም። ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርኩባት፤ መብራቷ ጭል እንኳ አላለችም።

በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው መጡ። "በራች" አሉ። ፈተሽኩ፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ጊዜ አምፖሏንም ሴንሰሩንም ቀየርኩ። በአራተኛው ጊዜ የቀየርኩት ድምፄን ነው።

"አባባ፣ መቼ መቼ ነው የሚያዩዋት?"

"ስትጫንና አቀበት ስትይዝ ነው። ሜዳው ላይ ስትወጣ ትጠፋለች።"

"መብራት ጭነት አያውቅም፣ አባባ።"

ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ስናገረው ደስ ብሎኝ ነበርና። ሁለት ደንበኞች ቆመው ይሰሙን ነበር፤ አንደኛው ሳቀ። አባቴ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወጡ። ድንቄም ባለሙያ! ጭኖ አቀበቱን መውጣት ነበር እንጂ ሌላ ምን ብልሃት ያስፈልግ ነበር? የገበያ ቀን ለእኔም የሥራ ቀን ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ቴስተሬ ያላየውን አንድ ሽማግሌ አየ ብዬ ማመን አላማረኝም።

ለእናቴ ነገርኳት። "አባባ የሌለ መብራት እያዩ ነው" አልኳት። በእኛ አገር ሌላው የማያየውን የሚያይ ሰው ዓይን ሐኪም ዘንድ አይወሰድም፤ ጠበል ይገባል። እናቴ በዚያው ሳምንት ለጠበሉ ስንቅ በሶ ቋጠረች፣ እኔ ደግሞ የመኪናውን ቁልፍ ከእጃቸው ተቀበልኩ። "ለሰባት ቀን ብቻ ነው" አልኳቸው። አልተከራከሩንም። ሰባት ጠዋት፣ ሣሩ ላይ ውርጩ ሳይቀልጥ፣ እዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ቆሙ። በርኖሳቸውን እናቴ ይዛላቸው ትጠብቃለች።

የተመለሱ ዕለት፣ "አሁንስ፣ አባባ?" አልኳቸው።

መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎም እኔን አዩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠፍቶልኛል" አሉ።

እናቴ እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ፣ "መንፈስ ነበረባቸው፣ ጠበሉ አስለቀቃቸው" እያለ አወራ። እኔም ቁልፉን መለስኩላቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነዷት። ስለ መብራት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አንድ ልማድ ብቻ አመጡ፤ ከኋላ ጭነቱ ላይ የሚሳፈሩ ነጋዴዎች ናቸው የነገሩኝ። አቀበቱ ሥር ሲደርሱ ያቆማሉ፣ ይወርዳሉ፣ ኮፈኑን ከፍተው ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ ያያሉ፣ ከዚያ ይወጣሉ። ሁልጊዜ፣ ሳይታክቱ። "እርጅና ነው" ብዬ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ደረታቸውን ይዘው አጥራችን ሥር ወደቁ። ሐኪሙ መረመራቸውና ሕመሙ ከጀመራቸው መቆየቱን ነገረኝ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ከጀመረዎ ስንት ጊዜ ሆነ?"

"ዓመት ይሆነዋል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" እዚያም ላይ ቆጣ አልኩ፤ አመል ነው።

"ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ልጄ። አቀበት ስወጣ ነው የሚይዘኝ። ሐኪሙ ዘንድ ስንደርስ ቢጠፋስ ብዬ ነው።"

ሊወቅሱኝ ብለው አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

"የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይባላል። የአባቴ ቃል ጠፋ፤ የወለዱት እኔ ቀረሁ። ይህን ያወቅሁት ግን ገና ከቀብሩ በኋላ ነው።

ለአርባቸው ተዝካር የዘመሮ ዘመዶቻችን ገብስ ሰጡን። እኔና እናቴ በመኪናዋ ሄደን ጭነን ተመለስን። እሳቸው ከወደቁ ወዲህ ማንም አልነካትም ነበር። አቀበቱ መሐል ላይ፣ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ሲያቃስት፣ ቀይዋ መብራት በራች።

ቀድማ የተናገረችው እናቴ ናት።

"ይቺ ምንድን ናት?"

ዘወር ብዬ እናቴን አየኋት።

"እሷ ናት?"

"እሷ ናት፣ እማዬ።"

አቁሜ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተር ሲከብደው ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ይህን በተማርኩ በመጀመሪያው ወር አውቀዋለሁ። ከሴንሰሩ የሚመጣው ሽቦ፣ ከሞተሩ ጀርባ ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ ላስቲኩ ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል። ሞተሩ ሲያዘነብል መዳቡ ብረት ይነካል፣ መብራቷም ትበራለች። ሜዳ ላይ ይለቃል፣ ትጠፋለች። አባቴ እንዳሉት፣ አንድም ሳይጎድል።

የበላችው አይጥ ናት። እዚያው ጥግ ላይ ጎጆ ሠርታ ነበር። ጣቴን ሰድጄ ሳወጣው ጥቁር ሱፍ ነው፤ የአባቴ በርኖስ ሱፍ። መኪናዋን ብርድ እንዳይመታት ያለበሷት ልብስ ለአይጧም ሞቅ ያለ ቤት ሆኖላት ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ሱፉን በእፍኜ ይዤ አለቀስኩ።

ከዚያ እጄ የለመደውን ሠራ። መዳቡን በናስትሮ ጠቀለልኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሞተሩን አስነሥተን አቀበቱን ጨረስን፤ መብራቷ አልበራችም። እናቴ ግን መንገዱን አታይም፤ ዓይኗን ከዳሽቦርዱ ላይ አልነቀለችም።

"ጠፋች?" አለችኝ።

"ጠገንኳት፣ እማዬ። ከእንግዲህ አትበራም።"

ከተማው መታየት ጀመረ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ለተዝካሩ ሰው ሁሉ ሊመጣ" አለች፣ "አንድ ሰው እንኳ ሳያይላቸው አጠፋሃት?"