መሬት ያልነካ ባንዲራ

ሐዋሳ ውስጥ የጃቫ ሱልጣን ባንዲራ የሰፋሁ ሰው እኔ ነኝ። ሌላም አለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ በተከፈተ ሰሞን ከተቀጠሩት አንዷ ነበርኩ። ሥራዬ እጅጌ መግጠም ነበር፤ ያውም የግራውን ብቻ። የቀኙን የምትገጥመው ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። አባቴ ደግሞ መሃል ከተማ፣ ገበያው ጥግ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪም ሆነ ኮት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው። ማታ ታቦር ተራራ ሥር ወዳለው ቤታችን ስገባ "ዛሬስ የስንቱን ሰው ግራ እጅ ሸፈንሽ?" ይለኝ ነበር። አብሬው እስቃለሁ፤ ውስጤን ግን ያንገበግበኛል። ልጅህ ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቁት "ፓርክ ነው የምትውለው" ይላል እንጂ ልብስ ሰፊ ናት ብሎ አያውቅም። ሱቁም ስሄድ የደንበኛ ጨርቅ አያስነካኝም። እንደ ሙያ ጓደኛው እንዲቆጥረኝ ነበር የምፈልገው።

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲቃረብ ሁላችንም የባህል ልብሳችንን ለብሰን እንድንመጣ ተነገረን፤ የውጭ አገር አሠልጣኞችም ከአገራቸው የሆነ ነገር እንዲያሳዩ ተጋበዙ። የእኛ አሠልጣኝ ከኢንዶኔዥያ የመጣች፣ ጃቫ ደሴት ላይ ያለች ቺረቦን የምትባል ከተማ ልጅ ነበረች። ስልኳን አውጥታ የከተማዋን የጥንት ሱልጣኖች ባንዲራ አሳየችኝ። ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ወርቃማ አንበሳ ቆሟል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን አንበሳው ከጅራቱ እስከ ጥፍሩ የአረብኛ ጽሑፍ ነው። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰይፍም አለበት። "እዚህ ግን ከየት አመጣዋለሁ?" አለች ቅር ብሏት። "እኔ እሰፋልሻለሁ" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

እሑድ ጥቁር ሰማያዊና ቢጫ ጨርቅ ይዤ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። አሠልጣኟ ስልኬ ላይ የላከችልኝን ፎቶ ሲያይ ቆየና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ።

"ይሄ የአላህ ቃል ነው" አለ። "መሬት አይነካም፤ እግር ሥርም አይውልም። ቃል የገባሽው አንቺ ነሽ፣ መስፋቱ ያንቺ ነው። እኔ ፊደሉን እሥላለሁ።"

ሁለታችንም ለሶላት እንደምንታጠበው ውዱእ አደረግን። እሱ በሳሙና ቁራጭ ቢጫው ጨርቅ ላይ ሣለ፣ እኔ ቆረጥኩ።

ችግሩ የስፌት መኪናው ነበር። በእግር የሚመታ ነው፤ ጨርቁ በመርፌው ሥር ባለፈ ቁጥር በወዲያ በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ባንዲራው ደግሞ ከሱቁ ይረዝማል። አባቴ አንዱን ጫፍ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ከጎናችን ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ሴትዮ ከቸርች ስትመለስ እንደዚያ ሆኖ አገኘችው።

"ጋሼ፣ የማን ሰርግ ነው?"

"የጃቫ ሱልጣን ባንዲራ ነው።"

"ሐዋሳ የቀራት እሱ ብቻ ነበር" አለች። ምን እንደተጻፈበትና ለምን ከፍ አድርጎ እንደያዘው ሲነግራት ግን ቦርሳዋን አስቀመጠች። "የእግዚአብሔር ስም ከሆነማ በሉ አምጡት" ብላ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛም መሃሉን እንዲይዝ ታዘዘ።

የከሰዓቱ ነፋስ ከሐይቁ በኩል ሲገባ ጨርቁ ይነፋና ሦስቱም ይንገዳገዳሉ። እኔ ቀና አላልኩም። የአንበሳው ጀርባ፣ ጅራቱ፣ የፊደሉ ሆድ ሁሉ ክብ ነው። እጅጌም ትከሻ ላይ ሲገጠም ክብ ነው። ጨርቅ ሳላጨማድድ ማዞር ወራት ሙሉ ስሠራው የከረምኩት ስለሆነ እጄ መንገዱን ያውቀዋል። አባቴ ከበሩ ሆኖ እጄን እንደሚያይ ይታወቀኛል። ደንበኛው "እዚያ ጋ ትንሽ ወደ ግራ ብትይው" ማለት ሲጀምር አባቴ "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው" አለው። ፈገግታዬን ለመደበቅ ይበልጥ አጎነበስኩ።

የአስር ሶላት ሳይደርስ አለቀ። በኋላ ፓርኩ ውስጥ ሲሰቀል አሠልጣኟ ፎቶ አንስታ ለእናቷ ላከች፤ እኔም ሥሩ ቆሜ እንደ ሱልጣን ተኮፍሼ ተነሥቻለሁ። የኮራሁት ግን የዚያን ቀን አይደለም፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው።

ባንዲራውን አጥፈን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳስቀመጥነው ደንበኛው ሱሪውን አስታወሰ። የሱሪው እግር ገና አላጠረም ነበር። አባቴ ሊቀመጥ ነው ብዬ ከመኪናው ልነሣ ስል ሱሪውን ጭኔ ላይ አኖረው።

"ቶሎ በይ፣ ሰውዬው ቸኩሏል" አለኝ።

አሳጠርኩት። አባቴ የራሱ ካልሆነ በቀር የማንንም ስፌት በሁለት አውራ ጣቶቹ ጎትቶ ሳይፈትን ከሱቁ አያስወጣም። ያንን ሱሪ ሳይጎትት አጥፎ ለሰውዬው ሰጠው።