ሁለት ክሊኒክ፣ አንድ ዳታቤዝ

እኔና ባልደረባዬ ከደብረ ብርሃን ተነስተን አንኮበር እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ስንጨቃጨቅ ሰንብተን የቀረን ኩርፊያ ብቻ ነበር። ሰው በርስት ይጣላል፣ በትዳር ይጣላል፤ እኛ በዳታቤዝ ተጣላን።

ሥራውን የሰጠን ዶክተር ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ክሊኒክ አለው፤ አንኮበር ላይ ደግሞ ሌላ አነስተኛ ክሊኒክ። አንዱ ጋ የታከመ ሰው ሌላው ጋ ሲሄድ የሕክምና ታሪኩ እንዲገኝ ይፈልጋል። ባልደረባዬ «መረጃው ሁሉ አዲስ አበባ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጥና ሁለቱም በኢንተርኔት ይክፈቱት» ይላል። እኔ ደግሞ እዚሁ ያደግኩ ነኝ፤ የአንኮበርን ጉምም የኔትወርኩንም ጠባይ አውቃለሁ። «በየክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ይኑር፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይናበባሉ» አልኩ። እልኸኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ዶክተሩ በመጨረሻ ሰለቸውና «ሁለቱንም ሠርታችሁ አንኮበር ላይ አሳዩኝ፤ እዚያው እወስናለሁ» አለን።

ስንደርስ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል አሉን። ባልደረባዬ ላፕቶፑን ከፈተ፤ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

በዚህ መሀል አንዲት አሮጊት እያሳሉ ገቡ። ዶክተሩ ደረታቸውን አዳምጦ መርፌ አዘዘላቸው፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «በይ እንግዲህ፣ በእውነተኛ ታካሚ አሳዪን» አለኝ። አስቀድሜ ሥራዬን በጫንኩበት የክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ስማቸውን ስጽፍ ገጼ ወዲያው ተከፈተ። ዕድሜያቸው፣ ቀበሌያቸው፣ ከዚህ በፊት እዚህ የታከሙት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። «የማይስማማ መድኃኒት» ከሚለው ጎን በአረንጓዴ ያሳመርኩት «የለም» ተቀምጧል። ባልደረባዬን ቀና ብዬ አየሁት። አንገቱን ደፍቷል።

ነርሷ መድኃኒቱን ወደ መርፌው እየሳበች ለደንቡ ያህል ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለብኝም ልጄ።»

ነርሷ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ስክሪኑን አይቼ ራሴን ነቀነቅኩላት። እጅጌያቸውን ሰብስባ ክንዳቸውን በአልኮል ጠረገች።

«ብቻ ትንሽ አድርጊልኝ» አሉ እማማ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ባለፈው ልጄን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ወርጄ የወጉኝ አንቆኝ ነበር።»

የነርሷ እጅ ባለበት ቀረ። ዶክተሩ «ቆይ ሲስተር» አለና ዝቅ ብሎ ጠየቃቸው። «የት ነው የወጉዎት እማማ?»

«እዚያው አንተው ቤት ነዋ። ከንፈሬ ሁሉ አብጦ፣ እስከ ማታ አስተኝተውኝ… እግዜር ይስጣቸው፣ ደህና አድርገው ነው የሸኙኝ።»

ክው አልኩ። የደብረ ብርሃኑ ክሊኒክ ይህን ሁሉ መዝግቦታል፤ ኔትወርክ ስለሌለ ግን እዚህ ያለው ቅጂ ላይ አልደረሰም። ኮምፒውተሩ ያልሰማውን ነገር «የለም» ብሎ መሰከረ፤ እኔም ራሴን ነቅንቄ አጸደቅኩለት። የባልደረባዬ ነጭ ገጽ እንኳ ማንንም አላታለለም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ባልደረባዬ ሊያላግጥብኝ ይችል ነበር፤ እኔ ብሆን አልምረውም ነበር። እሱ ግን «ሁለቱ ቅጂዎች መጨረሻ የተናበቡበትን ቀን ከላይ በትልቁ እናውጣው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ‹አላውቅም› ይበል» አለ፣ ወደ ዶክተሩ እያየ።

ዶክተሩ መርፌውን ራሱ ከነርሷ እጅ ተቀብሎ ጣለው። ከዚያ «ዳታቤዙ ያንቺ ይሁን፤ ገጹን ግን እሱ ይሥራው» አለኝ። ተነሥቼ ወንበሩን ለባልደረባዬ ለቀቅኩለት።

እማማ ሌላ መድኃኒት፣ የሚዋጥ፣ ተሰጥቷቸው ወጡ። በሩ ላይ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ደህና ነዎት? ምን አገኘዎት?» ሲላቸው ሰማሁ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። «ምንም የለብኝም።»